ለጀማሪ ገራዶ ይበቃል

ደሴ፣ ሆጤ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለደሳለው፤

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። «አቶ ደሳለው» ልበል አልኩና ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የበላን ሰው አቶ ማለት ለራሴው አሳቀኝ። ስለዚህ ደሳለው ብቻ። እንደምን ከርመሃል? ሐዋሳ ተስማምቶታል፣ ፊቱ ሞላ አሉኝ። እግዜር ይመስገን፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንወፍር።

እኔን ካልክ አለሁ። ጠዋት ፒያሳ እወርዳለሁ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፣ ሲመሽ በባጃጅ እመለሳለሁ። ስልክህን እንደዘጋሁብህ ስለምታውቅ ነው በእህትህ በሸዋዓለም በኩል የመጣኸው። ሐሙስ ዕለት ሱቅ ድረስ መጥታ «ወርቄ፣ በሞቴ ስሚው፣ የሥራ ጉዳይ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብላ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደቀነችው። ሰማሁህ። «አትጠገብ እንዴት ናት?» ትል ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። አላልክም። ያልከው ይህን ነው፦ «እዚህ የእግር ጉዞ ቡድን አቋቁሜያለሁ። ከገና በፊት ሻንጣ ተሸክመው አንድ ሌሊት የሚያድሩ አዳዲስ ልጆች ይዤ እወጣለሁ። ለጀማሪ የሚሆነውን መንገድ እንዴት ነበር የምንመርጠው? ያቺ የመንገዶቹን ነገር የምትጽፊባት ደብተር ካለች ላኪልኝ። ቀለል ያለ ይሁን፣ የሚያሳፍር ግን አይሁን።»

«የምንመርጠው» አልክ። ወይ ጉድ! ሻንጣ ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ መንገዱን ቀድሞ የሚሞክረው ማን ነበር? እኔ። በየመንደሩ እየዞረ ምንጩ ደርቋል አልደረቀም እያለ የሚጠይቀውስ? አሁንም እኔ። አንተ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካህን አንጠልጥለህ ፊት ትሰለፋለህ፣ ሰውም «ደሳለው የማያውቀው ተራራ የለም» ይላል። እኔ ጭራ ነበርኩ። ከኋላ ሆኜ የደከመ እሰበስባለሁ፣ ውሃ እሸከማለሁ። ያንን ሁሉ ዓመት ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን «የምንመርጠው» ስትል ደሜ ፈላ።

እሺ፣ ላስተምርህ። ያኔም ነግሬህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ እንጂ አዲስ ነገር የለውም።

ከሁሉ በፊት የመንገዱ ሰላም ይጠየቃል። ያ ሲጣራ ተራራውን ተወውና ሰዎቹን እያቸው። ማን ይቀድማል ብለህ ሳይሆን ማን ወደኋላ ይቀራል ብለህ እይ፤ መንገዱ የሚመረጠው ለሚቀረው ሰው ነው። አንተ በሁለት ሰዓት የምትጨርሰውን እነሱ ዕቃ ተሸክመው በአራት ከጨረሱት ጎበዞች ናቸው። መሐል ላይ «በቃኝ» ያለ ሰው ሳያፍር ወደ መኪና መንገድ የሚወጣበት ቦታ ይኑረው። ማደሪያው ከመንደር አይራቅ። ጫማቸው አዲስ አይሁን። ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ሻንጣቸውን አስፈታና እይ፤ የኛ ሰው ስንቅ መመጠን አያውቅም። የመጀመሪያ ጉዞ ሰውን ለማስደነቅ አይመረጥም፤ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ልምጣ እንዲል ነው የሚመረጠው።

ገራዶ ያልኩህም ለዚህ ነበር።

የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አላወራንበትምና ዛሬ ልጻፈው። የኮምቦልቻ የክር ፋብሪካ ልጆች፣ አሥራ አንድ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ቆመው የሚውሉ፣ ሻንጣ በጀርባቸው ተሸክመው የማያውቁ። ያመጣቻቸው ታናሽ እህቴ አትጠገብ ናት፤ «የእህቴ ባል ተራራ ያወጣናል» ብላ ስንት ወር አውርታልሃለች። ገራዶ እንሂድ፣ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ቤት አይርቅም፣ ለጀማሪ ይበቃል አልኩህ። «ገራዶ? ሰው ገበያ የሚሄድበትን መንገድ? ከኮምቦልቻ ድረስ አምጥቼ ገራዶን አሳየኋቸው ብዬ ላውራ?» አልከኝ። እሺ ጊዜው ይለፍ፣ መጋቢት ነው፣ ዘንድሮ ረመዷንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገብተዋል፣ ትንሣኤም ኢድም ይለፍና እንሄዳለን አልኩህ። «ፈቃድ ያገኙት አሁን ነው» ብለህ ወደ ጦሳ ተራራ አናት፣ ከዚያም በገደሉ ጀርባ አደረግኸው። አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩህ። ጭራ አይደለሁ?

ጠዋት ሻንጣቸውን ስናይ ሁላችንንም ያሳቀችን ነጂባ ትዝ ትልሃለች? የአትጠገብ የማሽን ጓደኛ። ሙሉ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ሳፋ ሳንቡሳና ሁለት ኪሎ ተምር ተሸክማ መጣች። «ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» ብላት «ወላሂ እናንተም አብራችሁኝ ታፈጥራላችሁ፣ ብቻዬንማ አልበላም» አለች። ዳቦውን እንኳ አስቀምጪ ብንላት እምቢ አለች። ለአሥራ ሦስት ሰው ማፍጠሪያ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጾሟን ያንን ዳገት ወጣችው።

ከልጆቹ አራቱ ረመዷን ይዘዋል። የቀሩት ሰባቱ ሁዳዴ ነበሩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ ደግሞ የመጋቢት ፀሐይ፣ ጥላ የሚባል የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አንተ ከፊት «የጾማችሁ ፍቱ፣ ውሃ ጠጡ!» ብለህ ጮኸሃል። ጮኸሃል፣ አልክድህም። ግን ማን ይጠጣ? የነጂባን ዳቦ ሊበላ ያሰበ ሰው በነጂባ ፊት እንዴት ውሃ ያንቆረቁራል? አንዱ አንዱን እያየ መንገዱን ቀጠለ። ነጂባ ራሷ «ኧረ ጠጡ፣ እኔን አይታችሁ ከሆነ ኃጢአቱን በኔ አታድርጉት!» ብትል ጭራሽ ባሰባቸው። «አይ፣ አልጠማንም» አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አልጠማንም! ወሎዬ ናቸዋ፣ ይሉኝታ ከሚቀር ነፍስ ይቅር።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። አሥር ሰዓት ግድም አትጠገብ ተንገዳገደች፣ ጠጠሩ አንሸራተታት፣ ወረደች። ዓይኔ እያየ ወረደች። በጋቢና በሁለት ዱላ ቃሬዛ ሠርተን አራት ሰዓት ሙሉ ተሸክመን መንገድ አወጣናት። ያን ዕለት የነጂባን ዳቦ የበላ የለም።

አሁን ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ። ፋብሪካው ስምንት ሰዓት መቆም ለማይችል ሰው ቦታ የለኝም አላት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ደሳለው። እኔ ጋ ናት፣ በክራንች ነው የምትሄደው። በራፋችን ላይ ጠረጴዛ አውጥታ ሶፍትና ካርድ ትሸጣለች። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ባንተ ላይ ስቆጥር ከረምኩ። መንገዱን የመረጥከው አንተ ነህ፣ ወሩንም የመረጥከው አንተ ነህ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልማርኩህም፣ ወደፊትም እንጃ። ግን ያቺን ደብተር ልልክልህ ሳወጣት ስለ ውሃ የጻፍኩት ገጽ ላይ ደረስኩና መቀጠል አቃተኝ። እናም የቀረውን ልጻፍ።

አትጠገብ ከመውደቋ በፊት ወደኋላ ቀርታ እኔን ጠብቃ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እታለም፣ ውሃ ስጪኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለችኝ። ነጂባ ከፊታችን አሥር እርምጃ ያህል ላይ ናት፤ ያ ሻንጣዋ ጀርባዋን አጉብጦታል። አየኋትና አፈርኩ። «ኧረ ነውር ነው፣ ነጂባ እያየችሽ? ትንሽ ቻይው፣ ማፍጠሪያው ደርሷል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

አራት ሃይላንድ ውሃ ጀርባዬ ላይ ነበር። አንተ ነህ ጠዋት ቆጥረህ የሰጠኸኝ። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ደግሞ ሻንጣዬን የፈታኸው አንተው ነህ። አራቱም እንደታሸጉ ነበሩ። አየሃቸው፣ መልሰህ ዘጋኸው።

ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቹ በአትጠገብ ጉዳይ ሲቀመጡ ጋሽ በላቸው ምን ብለው ጠየቁ? «ለመሆኑ ውሃ አልያዛችሁም ነበር?» እኔ ፈጠን ብዬ «አልቆ ነበር፣ ደሳለው የገዛው ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም ነበር» አልኩ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ያ አስተያየትህ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። አሁን ይናገራል፣ አሁን ያዋርደኛል ብዬ ስጠብቅ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቶቼ» አልክና መሬት መሬት ማየት ጀመርክ። በሳምንቱ ሐዋሳ ገባህ። ሰፈሩም፣ ፋብሪካውም፣ የገዛ እናትህም ሁሉንም ባንተ ላይ ደፈደፉት። እኔም አብሬ ደፈደፍኩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተረክኩብህ።

ለምን ዝም አልክ? ለኔ ብለህ ነው? እንዲህ ያለ ውለታ ማን ለመነህ? ያኔ ብትናገር ኖሮ ተጣልተን፣ ተሰዳድበን፣ ምናልባት ታርቀን ነበር። ዝም ስላልክ ግን እንደ ጥፋተኛ እንኳ ላለቅስ አልቻልኩም፤ የተበደለች ሴት ሆኜ ቀረሁ። ይህ ከጦሳው መንገድ ይልቅ ያናድደኛል። ለጋሽ በላቸው ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ «ለሰላምታ ነው የመጣሁት» ብዬ ተመልሻለሁ።

ደብተሯን በአገር አቋራጭ ሾፌሩ በሞላ እጅ ልኬልሃለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለማላውቃቸው ለነዚያ ልጆች ነው። የውሃውን ገጽ ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ። በየሰዓቱ አቁማቸውና መጀመሪያ አንተ በፊታቸው ጠጣ፣ ባይጠማህም ጠጣ። ጭራ የምታደርገው ሰው ሳይጠየቅ የሚሰጥ ይሁን። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ውሃ አታሸክም።

አንድ ወሬ ልጨምርልህና ላብቃ። ትናንት አትጠገብ ጠረጴዛዋን እያስተካከለች ሳለ «እታለም፣ ለጀማሪ መንገድ መምረጥ ያንቺ ሥራ አይደል? ለኔም ምረጪልኝ። አሁን ጀማሪ ሆኛለሁ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። የሚመጣው ቅዳሜ ነጂባም ከኮምቦልቻ ትመጣለች፤ ገራዶ አክስት አለቻት፣ ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ሌላው በአርባ ደቂቃ የሚሄደውን እኛ በሦስት ሰዓት እንሄደዋለን። ድንኳኑንም ልብሱንም ውሃውንም እኔ እሸከማለሁ፣ አንቺ ክራንችሽን ብቻ ያዢ አልኳት።

ካርዶቿን መደርደሯን አላቆመችም፣ ዓይኗንም ወደኔ አላነሳችም። «ድንኳኑን ያዢ» አለች። «ልብሱንም ያዢ። ውሃውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»

እሺ አልኳት።

መንገድህን እመብርሃን ታቅናልህ፣ የምትይዛቸውን ልጆች ቁጥራቸውን ሳታጎድል ወደ እናቶቻቸው ትመልስልህ። መልስ አትጻፍልኝ። ከጻፍክ ግን ለአትጠገብ ጻፍላት፤ እንዴት ነሽ በላት።

ወርቄ