ሁለት ሰው የሚጥለው መረብ

ኅዳር 14 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ነሽ? ባልሽስ? ትንሿስ፣ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። በስልክ ስነግርሽ «አባዬ፣ ድምፅህ ደክሟል» ትይኛለሽ። ድምፄ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት።

«ና፣ ከእኛ ጋር ኑር» ካልሽኝ ወዲህ መልስ ሳልሰጥሽ ክረምቱ አለፈ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰው ስልክ ላይ ቶሎ ይዋሻል። ወረቀት ላይም ይዋሻል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ መሃል ላይ ይታዘበዋል።

ያስቀረኝ ሚኒስትሩ ነው። ታስታውሺዋለሽ፣ ኮት ለብሶ ስለሚያጠምድ ሚኒስትሩ የምንለው ጓደኛዬ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በአንድ ጀልባ እንሠራለን። የእኛ መረብ የሁለት ሰው መረብ ነው። እሱ ይቀዝፋል፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ መረቡን ከእጄ እየለቀቅኩ እጥላለሁ። ቀዛፊው መረብ ጣዩን ከቀደመው መረቡ ተጎትቶ ይቋጠራል። ከዘገየበትም አንድ ቦታ ላይ ይከመራል። ሁለት ሰው፣ አንድ እጅ። እኔ ብሄድ እሱ ምን ይይዛል? ይህን እያሰብኩ ነው የከረምኩት።

ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ መረቡ መቋጠር ጀመረ። አንዳችን ዘግይተናል። እኔ የእሱን እጅ አያለሁ፤ እሱም የእኔን ያይ ነበር መሰለኝ። ማንም አልተናገረም። እሱ በሁሉም ነገር ይቀልዳል፣ በዚህ ግን አልቀለደም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ባለፈው ሳምንት ውሃው ላይ እያለን የጎብኚዎች የሞተር ጀልባ በአጠገባችን አለፈ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጮክ ብላ፣

«አባባ፣ ዓሣ አለ?» አለችን።

«አለ እመቤቴ» አላት ሚኒስትሩ። «ዛሬ ግን እንግዳ አይቀበልም።»

ሳቁ፤ ፎቶ አነሱን፤ ሄዱ። ማዕበላቸው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ መረቡ ከጣቶቼ አምልጦ ተጠቅልሎ ወደቀ። ጎትተን አወጣነውና ቋጠሮውን ስንፈታ ዋልን። አንገታችንን ደፍተን። በሆዴ የያዝኩትን እዚያ ላይ ነው ያወጣሁት።

«ልጅቷ ና ትለኛለች» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«አንተን።»

ቋጠሮውን ትቶ አየኝ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። አንጓው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል።

«እኔ ደግሞ አንተን ስጠብቅ ይኸው እጄ ሞተ» አለ። «ሚስቴ በየጠዋቱ ይህን እያሰረችልኝ አንተን ትረግማለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ብናቆም ምን ልትሆን ነው? ከዚህ ውሃ ሌላ ምን ታውቃለህ? ቤትህ ገብተህ ግድግዳ ላይ መረብ ልትጥል?»

ሳቅን። እውነት ለመናገር፣ ከክረምት ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም። ለካ እሱ ለእኔ ሲል፣ እኔ ለእሱ ስል፣ ሁለታችንም የማንፈልገውን ውሃ ስንቀዝፍ ከርመናል። ከእንግዲህ በቃን ብለን ጀልባዋን ወደ ዳር ሳብናትና መሬት ላይ ገለበጥናት። ይቆጨኛል ብዬ ነበር። ጆንያ ሲያወርዱ ወገብ ላይ የሚሰማው ነው የተሰማኝ። ፍርሃቱ የመጣው በማግሥቱ ነው። ነቅቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ሐይቁን ልጎበኝ ሄድኩ። አትሳቂ። በዚያ በመዝናኛው በኩል፣ ወንበርና ጃንጥላ የደረደሩበት ቦታ። አስተናጋጁ «ምን ላምጣ፣ አባት?» ሲለኝ ሻይ አዘዝኩ። ፊቴን ወደዚያ ውሃ አዙሬ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው። ያምራል ለካ። ከውስጥ ሆነሽ ስታዪው የነፋስ መምጫና የድንጋይ መደበቂያ ነው፤ ማማሩን የምታዪበት ጊዜ የለሽም። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ዝም ብለው ያዩታል። እኔም ዝም ብዬ ለማየት ሞከርኩ። ዓይኔ እየሄደ መረብ የሚይዝ አረም ይፈልጋል።

ከትናንት በስቲያም ሄድኩ። ከሩቅ አንድ ጀልባ መጣ። መጀመሪያ ያወቅኩት ኮቱን ነው።

ከኋላ የተቀመጠው ዓሣችንን የምትገዛን ነጋዴ ወንድም ነው፣ ጠንካራ ጎልማሳ። ሚኒስትሩ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ይቀዝፋል። ጨርቅ የለም። ልጄ፣ እንደዚያ ሲቀዝፍ ካየሁት ቆየሁ። ሰውነቱ በሙሉ ይሄዳል። መረቡ ከኋላው እየተዘረጋ፣ የሚያንሳፍፉት ቡሾች ውሃው ላይ በአንድ መስመር እየተደረደሩ። አንድም ቦታ አልተቋጠረም።

እንግዲህ የዘገየው እጅ የማን እንደሆነ አየሁ። እሱ ከእኔ እጅ እኩል ለመሆን ብሎ ቀስ እያለ ነበር የሚቀዝፈው።

አውቀው ነበር ይሆን? ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ የሸሚዝ ቁልፍ አይዙልኝም። ይህን አልነገርኩሽም። አሁን ነገርኩሽ።

እንዳያየኝ ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ለውሃው ሰጠሁ። አስተናጋጁ ሻይ ሊያነሳ መጥቶ፣

«አባት፣ ሐይቁ እኮ በዚያ በኩል ነው» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

ማታውን ሚኒስትሩ ቤቴ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል። ከገበያ ገዛሁት አለ። ጨርቁንም ጠምጥሟል፤ አሁን ግን በግራ እጁ። አየሁት፤ አላየሁትም።

«ለልጅቷ መልስ ሰጠሃት?» አለኝ።

«ልጽፍላት ነው።»

«ምን ብለህ?»

«እመጣለሁ ብዬ።»

«ደግ አደረግህ» አለ። ከዚያ በሩን ሲያይ ቆየ። «እኔም ከዚህ እጅ ጋር አርፋለሁ።»

ልነግረው እችል ነበር። አይቼሃለሁ፣ ለእኔ ብለህ መዋሸትህን ተው፣ ማለት ቀላል ነው። ብነግረው ግን እንደገና ጀልባ ውስጥ ያስገባኛል። እንደገና ቀስ ብሎ ይቀዝፍልኛል። እኔም እቀመጣለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ደክሞኛል፣ ልጄ። ለእኔ ሲባል ቀስ መባሉ ነው ከሁሉ በላይ የደከመኝ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ቲኬቱን ቁረጪልኝ። ሸሚዝ አትግዢ፤ ከገዛሽም ቁልፍ የሌለው ይሁን። ቤትሽ ውስጥ ምን እንደምሠራ ግን አስቢልኝ፤ ትንሽም ቢሆን፣ በር መክፈትም ቢሆን። ባልሽ በእኔ እንዳይጨናነቅ ንገሪው።

በደጅሽ የሚገባው ሁሉ ደግ ይሁን፤ የልጅሽ እንቅልፍ ሙሉ ይሁን፤ እጅሽ የነካው ይባረክ።

የሚሸኘኝ ሚኒስትሩ ነው። አንዱን እጁን ጠቅልሎ ይመጣል። የትኛውን እንደሆነ እንጃ። የጠቀለለውን ቀስ ብዬ እጨብጥለታለሁ።

አባትሽ