ሳንግሙክን ሰጥተው ዘፈኑን ላስቀሩት ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ታክ ክዮንግሁ
የጉንሳን ሽመላዎች ቤዝቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
እዚሁ ጉንሳን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የዘንድሮው የባሕር ነፋስ ወገብ የሚቆርጥ፣ ቢሮዎም ስታዲየሙ አናት ላይ ያለ በመሆኑ፣ ብርድ እንዳይመታዎት ከልቤ እመኛለሁ፤ እንቅልፍዎ የሰላም፣ የሚቀምሱትም ሁሉ የሚስማማዎ ይሁን። እኔን ከጠየቁኝ፣ መቀመጥና መተኛት አቃተኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ኦክ ቡንናም እባላለሁ። በስም ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ከሦስተኛው በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ በማሊያ ጀርባ ላይ የተጫዋች ስም የምሰፋው ሴትዮ ነኝ። ተጫዋቹም ደጋፊውም አክስቴ ይለኛል። ትምህርቴ እምብዛም ስለሆነ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይለፉኝ፤ ደግሞም ሁለት መስመር እጽፍና እነሣለሁ፣ በመስኮት ስታዲየሙን አይቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥብዎ የተቆራረጠው መቀመጫዬ እንጂ አክብሮቴ አይደለም።

የደመወዝ ጣሪያ የሚባለውን ነገር እኛም ሳንወድ በግድ ተምረነዋል። አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ የሚከፍለው ተደምሮ ከዚህ አይለፍ ተብሎ ተወስኗል፣ ያሳለፈም ይቀጣል፤ ስለዚህ ጨዋታ በሌለበት በብርዱ ወራት ክለቦች ሁሉ አንዱን ሲያስገቡ ሌላውን ያስወጣሉ። ይህን እኔም በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ጨርቁ አንድ ከሆነ እጅጌውን ያስረዘመ ደረቱን ያሳጥራል። ጣሪያውን እርስዎ እንዳልሠሩት ስለምናውቅ በእሱ አንወቅስዎትም። ከጣሪያው በታች ስላደረጉልን ውለታ ግን ዝም ማለት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት በገመድ የታሰረ ደረቅ ዓሣ ይዘው ራስዎ ፕዮ ሳንግሙክ ቤት ድረስ በመሄድዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ይህን ደብዳቤ ከከተማችን ጋዜጣ ላይ ለሚያነቡ እንግዶች ስል፣ ሳንግሙክ ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለው፣ ነጥብ ለማግባት «ቤት» ወደሚባለው መነሻ የሚሮጠውንም ተጋጣሚ በደረቱ የሚያስቆመው፣ ሲራመድ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው የእኛው ሰው ነው፤ ጢም ሳያወጣ መጥቶ እስከ ዛሬ ከሽመላዎቹ በቀር የሌላ ማሊያ ለብሶ አያውቅም። ታዲያ ሥራ አስኪያጅ ያህል ሰው ጫማውን አውልቆ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ከደመወዝህ ትንሽ ብትቀንስልን ሁለቱን ወጣት ወርዋሪዎች ከጣሪያው ሥር እናቆያቸዋለን ብሎ ሲለምነው ማን አፍ አውጥቶ እንቢ ይላል? ሳንግሙክም ሚስቱን እንኳ ሳያማክር እሺ ብሎ ፈረመ፤ እሷም ወጡን እያቀረበች ቃል ሳትተነፍስለት ከረመች። ዓሣው፣ እሱ እንደ ነገረኝ፣ እጅግ ይጣፍጥ ነበር። ቃልዎ ግን እንደ ዓሣው በጨው ስላልታሸ ነው መሰል ዓመት ሳይደፍን ተበላሸ።

ሁለተኛ። ዘንድሮ ታላቁን መቺ ዮ ሃንቢትን ከዋና ከተማው ቡድን ስላስመጡልን እናመሰግናለን። ሰውየው ሲመታ ኳሷ ወደብ ላይ ከቆመ መርከብ የምታርፍ ይመስላል፤ አይካድም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ተጫዋች የወሰደ ክለብ በምትኩ አንድ ሰው መልቀቅ አለበት፤ እነዚህን ሃያ አምስቱን አትንኩብኝ ብሎ ዝርዝር ያወጣል፣ ከዝርዝሩ ውጭ ከቀሩት ውስጥ ሌላው ክለብ ደስ ያለውን ይመርጣል፣ የተመረጠውም ሰው ወይ ይሄዳል ወይ ጓንቱን ይሰቅላል። በዚያ ዝርዝር ላይ በትልቁ ሜዳ አንድም ቀን ያልተጫወተ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስም ሲኖር የሳንግሙክ ስም አልነበረበትም።

ምክንያትዎንም በዚሁ ጋዜጣ ላይ በአክብሮት አንብበነዋል። ዕድሜው የገፋ ተቀባይ ማንም አያነሣም፣ የዋና ከተማው ክለብ ሰዎችም የደመወዝ ጣሪያቸው አናታቸውን ሊነካ ደርሷል፣ ስለዚህ ሳንግሙክን ባንሸፍነውም የትም አይሄድም ብለው ነበር። ከጣሪያቸው ሥር የቀረችው ክፍተት ግን ልክ ሳንግሙክን የምታስገባ ሆና ተገኘች። ለምን ቢሉ፣ እርስዎ ደረቅ ዓሣ ተሸክመው ሄደው ደመወዙን አሳንሰውት ነበራ። የድሮውን ይዞ ቢሆን ኖሮ ጣሪያቸውን ይበሳባቸው ስለነበር በዐይናቸውም አያዩትም ነበር፤ ለእኛ ብሎ ስለ ረከሰ ለእነሱ ተመቸና መረጡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለእርስዎ ያንሳል፤ የብብትን ዕቃ አስቀድሞ አቅልሎ፣ ለጎረቤት እንዲመች አድርጎ ለማቀበል ገና ተረት አልወጣለትም።

አሁን ተነሥቼ ነበር። ተመለስሁ።

ወሬው የደረሰን ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ኪምቺ በምናሰናዳበት ቀን ነው። የሦስተኛው በር ሴቶች እንደየዓመቱ ከሱቄ ጓሮ ተሰብስበን፣ ጥቅል ጎመኑ በጨው ለስልሶ፣ እጃችን እስከ ክርናችን በበርበሬ ቀልቶ ነበር። ክብርት እናትዎም እንደ ወትሮው ከመካከላችን ተቀምጠው ጎመኑ ላይ ጨው ይነሰንሱ ነበር። እጇ በበርበሬ ስለ ተለወሰ ስልኳን በአፍንጫዋ ጫፍ እየነካካች ዜናውን ያነበበችልን ዓሣ ሻጯ ጎ ጁምሬ ናት።

«ሥራ አስኪያጁን ጥሩልንና ጎመኑን እሱ ይምረጥልን እንጂ» አለች ጁምሬ፤ «ልቡን ለጎረቤት ይሰጥና ግንዱን ሸፍኖ ያስቀምጥልናል።»

ሴቶቹ ሳቅ ጀመሩና ወዲያው የማን እናት አጠገባችን እንዳሉ ትዝ ሲለን አፋችንን ያዝን። ጁምሬም ፊቷ ከእጇ በላይ ቀልቶ፣ ይቅርታ እትዬ፣ አፌ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም ብላ ለመነቻቸው። እናትዎ ግን ቀና አላሉም። «ጨው አቀብይኝ» ብቻ አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። ክር እሰካለሁ፣ መልሼ እመዘዋለሁ፤ ሜዳው ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ወጥቼ በሩን አይቼ እገባለሁ። ሌላው ዓመት ቢሆን እንዲህ ተጫዋች ሲሄድ ደጋፊው ማሊያውን ይዞ እየመጣ ስሙን ፍቺልን፣ የአዲሱን ስፊልን ይለኝ ነበር፤ በብርዱ ወራት ምድጃዬ የሚሞቀውም በዚሁ ነው። ዘንድሮ የሳንግሙክን ስም ላስፈታ ብሎ ደፌን የረገጠ የለም። ስለዚህ እግረ መንገዴን ሱቄን ስላቀዘቀዙልኝም ላመስግንዎት፤ ይኼን ሦስተኛ ብለው ይቁጠሩልኝ።

ከትናንት በስቲያ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር ሳንግሙክ ራሱ ነው። የዋና ከተማውን ክለብ ሰማያዊ ማሊያ ምንም ስም ሳይጻፍበት አጣጥፎ በጥቁር ከረጢት ይዟል። ከመጣበት ዓመት ጀምሮ ስሙን የሰፋሁለት እኔ ስለሆንሁ፣ የሌላ ሰው መርፌ ጀርባዬን ያሳክከኛል ይላል፤ ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ነገር ያጠብቃሉ።

«አክስቴ፣ አንቺ ካልሰፋሽው አልለብሰውም» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህንን ቀለም በባዶ እጄ ልታስነካኝ ነው?» አልሁት።

«ጓንቴን ላውስሽ» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰፋሁለት። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ተጣመመብኝና ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ እሱም ትንሿ በርጩማ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ልክ ሜዳ ላይ እንደሚያደርገው ቁጢጥ ብሎ ጠበቀኝ። ስለ እርስዎ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ይልቁንም ሃንቢት ጥሩ ሰው ነው፣ እንዳትጮኹበት አለኝ። በመጨረሻ ነው፣ ማሊያውን ሲያጣጥፍ፣ አንገቱን ደፍቶ የነገረኝ፤ «ከቢሮ ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም። ዘፈኑን ብቻ ነው የጠየቅኋቸው።»

ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ ደብዳቤ መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ።

እንደሚያውቁት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሕዝቡ የሚዘፍንለት የራሱ ዘፈን አለው። የሳንግሙክን ዜማ ከቢሮ ያወጣው ሰው የለም፤ ወደብ ላይ መረብ ሲጎተት ይባል የነበረ ነው፣ ግጥሙንም እኛው ከሦስተኛው በር በላይ ካለው መቀመጫ ላይ እየተጋፋን አበጀነው፦

ሳንግሙክ፣ በሩን ዝጋ፣
ማዕበሉም ቢመጣ አይግባ።

ተጫዋች ክለብ ሲቀይር የቀድሞ ክለቡ እሺ ካለ ዘፈኑ አብሮት ይሄዳል፤ እንቢ ካለ ይቀራል። የእርስዎ ቢሮ ዘፈኑ የክለቡ ንብረት ነው ብሎ እንቢ አለ። እንዲያውም ስሙን ቀይረን ለዮ ሃንቢት እናደርገዋለን ተብሏል። አራተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ድንቅ አሳብ ይሁን። አቶ ሃንቢት የመጡልን ለመምታት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሜዳ ገብተው ሲከላከሉ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ። ታዲያ የትኛውን በር ይዝጉልን? የመልበሻ ክፍሉን?

እኔም አላዋቂ ስለሆንሁ ከመጻፌ በፊት ቢሮዎ ድረስ ሄጄ፣ ዘፈን ከደመወዝ ጣሪያው ላይ ይደመራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በር ላይ ያለችው ልጅ አይደመርም አለችኝ፤ ሳቀችም፣ ከዚያ ግን ሳቋን ተወችው። እንግዲህ ሳንግሙክን ያሳጣን ጣሪያው ነው እንበል። ዘፈኑን የያዘበትስ ማን ነው?

ቅዳሜ ሳንግሙክ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዋና ከተማ ይሄዳል። እዚህ ላይ ፌዜን ለአፍታ ልተውና በቀጥታ ልለምንዎ። ይህ ሰው ደመወዜን ቀንሱልኝ ብሎ ሳይሆን ቀንስልን ተብሎ ሰጠ፤ ሂድ ተባለ፣ አልጮኸም። በማያውቀው ሜዳ፣ በማያውቀው ሕዝብ ፊት ዱላውን ይዞ ሲወጣ ከቤቱ የሚሰማው አንዲት ነገር ብትኖር ነው የፈለገው። ከቅዳሜ በፊት ይወስዳታል ብለው አንዲት ፊርማ ያሳርፉ። ዓሣ አምጡ አላልንዎትም።

ባይፈርሙም ደግሞ ከአሁኑ ይወቁልን። ሚያዝያ ላይ የዋና ከተማው ቡድን እዚህ ሲመጣ፣ ሳንግሙክም በሰፋሁለት ሰማያዊ ማሊያ ዱላውን ይዞ ሲወጣ፣ ከሦስተኛው በር በላይ ያለው መቀመጫ በሙሉ ተነሥቶ በሩን ዝጋ ይለዋል። ለተጋጣሚ መዝፈን ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ በማግስቱ የተሸነፍን እንደሆነም እኛው ነን የምናለቅሰው። ንብረትዎን ያለ ፈቃድ ስለምንነካ ግን ይክሰሱን፤ ሁላችንንም የሚያስቀምጥ ፍርድ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ስታዲየሙ ውስጥ እንጠብቅዎታለን።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ፣ በርበሬ በነካው እጄም ወረቀቱን ስላቀለምሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዝርዝር ለማውጣት የተፈጠረው አእምሮዎ እንዳይደክም፣ የሚሸፍኑትም እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወገቤን አጥፌ እጅ እነሣለሁ።

የሦስተኛው በር ስም ሰፊ፣
ኦክ ቡንናም

ማስታወሻ፦ ትናንት ክብርት እናትዎ የሳንግሙክ ስም ያለበትን አሮጌ ማሊያቸውን ይዘው ሱቄ መጥተው ነበር። እኔ፣ እናት ናቸውና ስለ ልጃቸው ክብር ስሙን ሊያስፈቱ ነው ብዬ መፍቻዬን አነሣሁ። እሳቸው ግን ክሩ ሳስቷል፣ እጥፍ አድርገሽ አጥብቂልኝ ነው ያሉኝ። ደርሶላቸዋል፤ መንገድዎ ነውና እርስዎ ብቅ ብለው ይውሰዱላቸው ተብሏል። ከኪምቺው ድርሻዎም እንደየዓመቱ በማሰሮ ተቀምጦልዎታል። እናትዎ ያንን ባስቀመጡ ጊዜ የላኩብኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ፦ «ምንም ቢያጠፋ ይምጣና ይውሰድ በይው፤ እኔ ቤት ልጅ ከዝርዝር አይወጣም።»