እኛ እስካለን

የካቲት 3
ዛሬም ምንም የለም። ሪፖርቱ ላይ «ሁኔታው የተረጋጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ትናንትም እንደዚያው ነበር። ለነገሩ የተረጋጋሁት እኔ ነኝ... ቁርሴን በልቼ፣ ፀጉሬን ታጥቤ፣ በነጯ መኪና ከኬላ ኬላ ስዞር ዋልኩ። ኮረብታው ላይ ያሉት ታጣቂዎች እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ላይኞቹ እንላቸዋለን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ታችኞቹም አወዛወዙ። ሁለቱም እኛን ይወዱናል። እርስ በርስ ብቻ ነው የማይዋደዱት።

አመሻሽ ላይ አከራዬ ጋሼ በረንዳ ላይ ጠበቁኝ፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው። ከደረጃ ወድቀው ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ጀሶ ታስረዋል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

«እህ፣ ሰላም አስከባሪዋ! ዛሬስ ስንት ጦርነት አስቆምሽ?»

«አንድም፣ ጋሼ። የላከን ድርጅት የፈቀደልን ማየት ብቻ ነው።»

«ዘበኛ ነኝ በይኛ!»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ዘበኛ እንኳ ፊሽካ አለው።»

ባለቤታቸው እትዬ ጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰማኝ።

የካቲት 9
ፍተሻ ወጣን። የላይኞቹ ግቢ ውስጥ መድፍ አለ የሚል ወሬ ደርሶናል። በተፈራረሙት ስምምነት መድፍ እዚህ አካባቢ ድርሽ ማለት የለበትም። ደንባችን ደግሞ ከመሄዳችን ሁለት ቀን ቀድመን እንድናሳውቅ ያዘናል። አሳወቅን። በሁለት ቀን እንኳን መድፍ፣ ቤትም ተነቅሎ ይሄዳል!

ስንደርስ መድፍ የለም። ፍየሎች ታስረዋል። አዛዡ ሻይ ጋበዘን፣ ሻዩ ደግሞ ግሩም ነበር... መሬቱ ላይ ግን ይህን የሚያክል የጎማ ዱካ ተጋድሟል። አላስቻለኝም።

«ፍየሎቹ በከባድ መኪና ነው እንዴ የሚመጡት?»

አዛዡ ከት ብሎ ሳቀ። አለቃዬ ኮሎኔሉ ግን ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። ሪፖርቱ ላይ «መድፍ አልታየም» ተባለ። እውነት ነው፣ አልታየም።

ለጋሼ ስነግራቸው በንዴት ሊፈነዱ ደረሱ።

«ትናንት በጠራራ ፀሐይ በዚች በር እየጎተቱ ነው ያሳለፉት! እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«በዓይኔ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም እኮ።»

«ወይ ጉድ! እዚህ ከተማ ዓይን ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ ማለት ነው?»



የካቲት 14
ዋናው መሥሪያ ቤት በእኛ ጉዳይ ስብሰባ ተቀምጧል። ኮሎኔሉ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዋሉ። አንዱ ትልቅ አገር ለላይኞቹ መሣሪያ ይሸጣል፣ ሌላው ለታችኞቹ። ሁለቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ እንቢ ካለ ደግሞ ውሳኔ የሚባል ነገር የለም።

«ታዲያ ማን ላይ ነው የሚፈርዱት?» አልኳቸው።

«ፍየሎቹ ላይ» አሉ ኮሎኔሉ።

ለካ መቀለድም ይችላሉ!

የካቲት 17
የነጋሼ ልጅ ከዋናው ከተማ ደወለች። መኪና ልላክላችሁ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ ቶሎ ውጡ አለች። ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። ዕቃ ሳጥብ እትዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እንሂድ ወይስ እንቆይ?»

«እትዬ ደግሞ! እኛ እስካለን ምን ይመጣል ብለው ነው?»

እንዲሁ ነው ያልኩት፣ አፌ ላይ እንደመጣ። ፊታቸው ፈካ። ልጃቸውን መኪናው ይቅር አሏት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ከእትዬ ሰምታ የጠቀለለችውን ፍራሽ መልሳ ዘረጋች። ደስ አለኝ... ግን ማን ፈቅዶልኝ ነው እንደዚያ ያልኩት?

የካቲት 21
ትእዛዝ መጣ። ነገ ጠዋት እንወጣለን። ጦርነቱ መምጣቱ አይቀርም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ለእኛ ሰግቷል። ለነዋሪው አንድ ቃል ትንፍሽ እንዳይባል፣ ሰው እንዳይደነግጥ። ስለዚህ ብቻዬን ደንግጬ ዋልኩ።

ቤት ገብቼ ልብሴን ከገመድ ላይ ሰበሰብኩ። እትዬ ከኋላዬ፦

«እርጥብ ነው እኮ።»

እርጥቡን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ልትሄዱ ነው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እናንተ እኛን ስታዩ እኛም እናንተን እናያለን፣ ልጄ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ልጃቸው ጋ ደወሉ። አሁን ወደዚያ የሚሄድ ሾፌር የለም አለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሲነግሯት ንቅንቅ አላለችም። «ይመለሳሉ፣ ልጅቷ ራሷ ምንም አይመጣም ብላለች።» ጋሼስ በዚያ ጀሶ የት ይደርሳሉ?

ኮሎኔሉ ጋ ሮጥኩ።

«መኪናው ላይ ባዶ ቦታ አለ።»

«ደንብም አለ።»

«ሰውዬው መራመድ አይችሉም!»

«ስሚ። ዛሬ አንድ ሰው ከጫንን ወገን ለያችሁ ይሉናል። ዳግመኛ አያስገቡንም። ያኔ የቀረውን ሕዝብ ማን ያየዋል?»

እሳቸው ልክ ናቸው። እኔም ልክ ነኝ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው ይሄ?

የካቲት 22
ጠዋት መኪናዋ ልትወስደኝ በራችን ላይ ቆመች። ሾፌራችን ዝምተኛ ነው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወርዶ ጋሼን ከበረንዳው ታቅፏቸው መጣ! እኔም እትዬን ጎትቼ አስገባሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ኮሎኔሉ።

ጀሶው ግን አይታጠፍም። ከኋላ አልገባ አለ። በጎን ሞከርን፣ በሰያፍ ሞከርን... የሚበቃቸው የፊት ወንበር ብቻ ነው። የኮሎኔሉ ወንበር። ኮሎኔሉ ጀሶውን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ እየተነጫነጩ ወርደው ከኋላ ከትርፍ ጎማው ጋር ተጣጥፈው ተቀመጡ።

ጋሼ እግራቸውን ዘርግተው ከፊት! የድርጅቱ ዋና ሹም መሰሉ።

የላይኞቹ ኬላ ላይ ታጣቂው በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ?!»

«አንተ! ምሥራቅና ምዕራብ አልለይ ብለህ ያቃጠልከኝ ልጅ አይደለህም?»

ልጁ አፍሮ ሳቀ። አሳለፈን። ኮሎኔሉ እንኳ ከጎማው ሥር ሲስቁ ሰማሁ። እትዬ ግን እስከ ዋናው ከተማ ድረስ አለቀሱ።

የካቲት 25
ላይኞቹ በሬዲዮ ለፈፉ። ድርጅቱ ወገን ለይቷል፣ የታችኞቹን ሰላይ በራሱ መኪና አሽሽቷል... ሰላዩ እንግዲህ ጋሼ መሆናቸው ነው! ተመልሳችሁ እንዳትመጡ ተባልን። ኮሎኔሉ ያሉት አልቀረም።

ትናንት መድፉ ተተኩሷል። አሁንማ ታየ።

የካቲት 28
ሥራዬ አበቃ። ዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴትዮ በትሕትና አሰናበተችኝ፤ ውሃም ቀዳችልኝ። ኮሎኔሉ «ያስገባኋቸው እኔ ነኝ» ብለው ኖሮ እሳቸውም ተሰናብተዋል። በር ላይ ተገናኘን።

«ተቀይመውኛል?»

«አዎ» አሉ። ዞር ብለው ደግሞ «የሰውዬው እግር እንዴት ሆነ?»

«ጀሶው ሊፈታ ነው።»

«ጥሩ» ብለው ሄዱ።

ጋሼ ድነዋል። ከተማዋን ግን አሁን የሚያያት የለም። ድጋሚ ቢሆንስ? ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል... አላውቅም። ሳስበው ያመኛል።

መጋቢት 2
እትዬ ከልጃቸው ቤት ደወሉ። ልብስ ሰፊዋ አሁንም እዚያው ናት። በወንዙ በኩል ሰው በእግሩ እየወጣ ነው፣ እሷ ግን ትጠብቃለች። ማንን? እኛን።

«ምን ልበላት፣ ልጄ?»

ማንን ላስፈቅድ? አለቃ የለኝ፣ ደንብ የለኝ።

«አይመለሱም በሏት። ማንም አይመጣም። ዛሬውኑ ትውጣ። እኔ ነኝ ያልኩት በሏት።»

ዘጉ። ሻይ ጥጄ ረሳሁት፣ ውሃው ተንተክትኮ አለቀ። ስልኩ ሲጠራ ሳህን ሰበርኩ።

«ምን አለች?»

«ልጅቷ ራሷ ካለችማ እወጣለሁ አለች። መንገድ ጀምራለች።»

አሁንም ታምነኛለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።