የሙሽራው ተንኮሎክ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ወልደገብርኤል፤ ደሴ፣ ሸዋ በር።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዓይንዎ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ የመርፌ ቀዳዳ ይታይዎታል ወይስ ዛሬም ክሩን የምታስገባልዎት እማዬ ናት? ወንድሜ ውድነህ በስልክ፣ አባባ ጋዜጣውን ያለ መነጽር ያነባሉ፣ መነጽሩን ግን ለወጉ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። እማዬስ ስኳሯ ወረደላት? እግሯን የሚያቃጥላት ነገርስ ተሻላት? እኛ ሦስታችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለሺ ታክሲውን ይነዳል፤ ሔቨን ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ፍሪጁን ስታራግፍ ትውላለች፤ እኔም ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለችው ሾፔ ሱሪ ሳሳጥርና ዚፕ ስቀይር እውላለሁ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት የምነግርዎት ነገር በስልክ ስለማያልቅ ነው። ደግሞም የልብስ ሰፊ ወሬ ስለሆነ ከእርስዎ በቀር በወጉ የሚረዳልኝ የለም።

ሮስና የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ አገሯ ማሌዥያ ነው። ከባሏ ጋር ግሪን ቫሊ ራንች ቤት ገዝተው ይኖራሉ። የመጀመሪያ ልጇ ኢምራን ያለፈው ቅዳሜ ሊያገባ፣ አባቷ ሐጂ ዳውድ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው ለሠርጉ መጡ። ሲመጡም ለሙሽራው የራስ መጠምጠሚያ ይዘው ነበር። በእነሱ ወግ ሙሽራ የዚያን ዕለት ንጉሥ ነው። በወርቅ ክር የተሸመነ ጨርቅ ተጣጥፎ፣ ግንባሩ ላይ ጠበቅ ብሎ፣ ባንድ ወገን እንደ ወፍ ክንፍ ሽቅብ ቆሞ ይደረግለታል። ስሙ ተንኮሎክ ነው። አይሳቁ አባባ! ስለሺም ስነግረው፣ "ደግሞ የምን ተንኮል ልትሠሩ ነው?" ብሎኛል።

ጨርቁን የሸመኑት የሐጂ ዳውድ ሟች ባለቤት ናቸው። አጥፈው ቅርጽ ያወጡለት ደግሞ ራሳቸው ሐጂ ዳውድ ናቸው፤ ያኔ እጃቸው ደህና ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በሽታ ግማሽ አካላቸውን መታቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ።

የሮስና ባል ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ጉድ አፈላ። ሳጥኑ በጉዞ ስለተጨፈለቀ ጨርቁ የተጨማደደ መሰለውና ሽማግሌውን ላስደስት ብሎ ከሱፍ ልብሱ ጋር ላውንደሪ ሰጠው። እነሱም ስፌቱን ፈትተው፣ አሚዶውን አስለቅቀው፣ ጥሩ አድርገው ተኩሰው፣ እንደ ጠረጴዛ ልብስ አራት ማዕዘን አድርገው በፕላስቲክ ሸፍነው መለሱለት። ይህ የሆነው ሰኞ ነው፤ ሠርጉ ቅዳሜ!

ሐጂ ዳውድ አልተቆጡም። ሮስናን ያስፈራት ይኸው ነው። ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ፤ እህል አልቀምስም አሉ። ከወንዶች ልጆቻቸው አስተጣጠፉን የተማረ አንድም የለም። ኢምራንም ሊያጽናናቸው ብሎ፣ ግዴለም በሱፍ አገባለሁ፣ ምን ችግር አለው አላቸው። ያን ጊዜ ሽማግሌው ትኬቴን አስቀይሩልኝና አገሬ ልግባ አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሮስና ጨርቁን እንደ ሕፃን አቅፋ ሾፔ በር ላይ ቆመች። "አንቺ የሚያቅትሽ ጨርቅ የለም" አለችኝ። እኔ እንኳን ላጥፈው አይቼውም አላውቅ! ዓይኗን ሳየው ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። "አባትሽን አምጪልኝ" አልኳት።

ረቡዕ ሐጂ ዳውድ በኢምራን ተደግፈው መጡ። እጄን ልዘረጋ አልኩና ተውኩት፤ ደሴ ያደገ ሰው ይህን አይስትም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ለመለማመጃ ነጭ አቡጀዲ ቆርጬ አሚዶ ነከርኩና ጀመርን። እሳቸው የእንጨት ማስመሪያዬን በግራ እጃቸው ይዘው ማጠፊያውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ኢምራን ያስተረጉማል። የኢምራን የአገሩ ቋንቋ ደግሞ ልክ እንደ ሔቨን አማርኛ ነው። አያቱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናግረው እሱ፣ "እጠፊው ይላሉ" ይለኛል። ስድስት ጊዜ አጠፍኩ። አንዱ ሳምቡሳ መሰለ፤ አንዱ የዳቦ ጋጋሪ ቆብ መሰለ። ስድስተኛውን ሲያዩ ማስመሪያውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አባባ፣ ልተወው ነበር። ድንገት ግራ እጃቸውን አየሁት። እሳቸው ውጭ ውጭውን እያዩ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ባዶውን ያጥፋል፤ ይይዛል፣ ያዞራል፣ ከዚያ ሌላው እጅ እስኪመጣ ይቆማል። ኢምራንን ጠራሁት። "ና በቀኛቸው ተቀመጥ። አንተ ቀኝ እጃቸው ሁን፤ እኔ በመርፌዬ እከተላችኋለሁ" አልኩት።

"እኔ? እኔ እኮ ቁልፍ እንኳን ተክዬ አላውቅም" አለኝ።

"ሙሽራው ማን ነው?" አልኩት። ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሽማግሌው ተናደው በክርናቸው ገፉት። ቀጥሎ ጣቱን ጨርቁ ውስጥ አስገብቶ አልወጣ ሲለው ሳቁ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚም አላስፈለገም። የአያትየው ግራ እጅ ይይዛል፣ የልጁ ቀኝ እጅ ይስባል፤ እኔ እየተከተልኩ እወጋለሁ። አመሻሹ ላይ አቡጀዲው ክንፍ አወጣ።

ሐሙስ አፖይንትመንቶቼን ሁሉ ካንሰል አደረግኩና የወርቁን ጨርቅ ዘረጋን። እዚህ ላይ መሳሳት የለም፤ አንዴ የተሰበረ የወርቅ ክር አይመለስም። ከላይ ምንም እንዳይታይ እርስዎ ያስተማሩኝን ስውር ስፌት፣ ያን የውስጡን ብቻ ነክሶ የሚሄደውን፣ ተጠቀምኩ። ሐጂ ዳውድ ስፌቴን ፈልገው አጡት። ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አዙረው ቢያዩም አላገኙትም። ማስመሪያዬን አንስተው ትከሻዬን እንደ ማዕረግ ሰጪ ቀስ አድርገው ነካ አደረጉኝ። ከዚያ ተንኮሎኩን ኢምራን ራስ ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው፣ ረጅም ነገር ተናገሩ። ምን አሉህ ብዬ ኢምራንን ጠየቅሁት። "ስለ ሴት አያቴ ነው፤ ሁሉም አልገባኝም" አለኝ፤ እንባው ግን ጉንጩ ላይ ነበር።

ሠርጉ ግቢያቸው ውስጥ፣ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሙሽሮቹ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ታላላቆች ተራ በተራ የጽጌረዳ ውሃ እየረጩ ይመርቋቸዋል። ሐጂ ዳውድ፣ ልብስ ሰፊዋ ትምጣ ብለው አስጠሩኝ። ረጨሁና ሳላስበው እልልልል አልኩ! ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሔቨን፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ" ብላ ፊቷን ሸፈነች። የሮስና አክስቶች ግን ወደዱት፤ እስኪመሽ ሲሞክሩት ዋሉ፣ አንዷም አልሆነላት። ከሰዓት በኋላ የዚህ አገር ነፋስ ተነስቶ የወረቀት ሳህኑን ሁሉ ጎረቤት ግቢ ወሰደው፤ የሙሽራው ክንፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለሺ ጆሮዬ ጋ መጥቶ፣ "የወልደገብርኤል ስፌት!" አለኝ። የሰኔ ጾም ላይ መሆኔን ነግሬያት ስለነበር ሮስና በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝና አትክልት ለብቻዬ አቅርባልኝ፣ በልቼ ጠገብኩ።

ትናንት ሐጂ ዳውድ ሄዱ። ኤርፖርት ያደረሳቸው ስለሺ ነው፤ እኔና ኢምራንም አብረን ሄድን። ኢምራን ከመኪናው ሲወርድ ከጀርባው አንድ ነገር አወጣ። አቡጀዲ ከእኔ ወስዶ፣ ማንም ሳይረዳው፣ በሁለት እጁ ብቻውን ያጠፈው ተንኮሎክ ነው። ክንፉ ወደ ግራ ጠመም ብሏል። ሽማግሌው ተቀብለው ዞር ዞር አድርገው አዩት። ያስተካክሉታል ብዬ ጠበቅሁ። አላስተካከሉትም። ቆባቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና እንደተጣመመ ራሳቸው ላይ አደረጉት። ተሰናብተውን የፍተሻው ሰልፍ ውስጥ ገቡ። ሰዉ ረጃጅም ስለሆነ እሳቸው ወዲያው ጠፉብን፤ ያ የተጣመመ ነጭ ክንፍ ግን ከሰው ራስ በላይ ወደ ፊት ሲሄድ እስከ መጨረሻው ይታየን ነበር። ክንፉ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ኢምራን ለስንብት ያነሳውን እጁን አላወረደም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የስኳር መድኃኒቷን እንዳትዘነጋ ይቆጧት። ለውድነህ ሰላምታዬ ይድረሰው። ሚስቱ አያልነሽ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ ይበሉልኝ። ልጃቸውን ፅዮንን ስምንተኛ ክፍልን በማለፏ እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉልኝ፤ ወንድሟ አቤል የእርስዎን መቀስ እንዳይነካ። ስለሺ ጉልበትዎን ይስማል። ሔቨን ከታች በራሷ እጅ "አባባ እወድሃለሁ" ብላ ጽፋለች፤ አንተ ማለቷን በአማርኛዋ ማነስ ይዩላት። እኔንም ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሠርካዲስ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 12 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት