ሳፋ የተደፋበት ዱካ

አሶሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ የሻረግ፣ ጤናሽ፣ የልጆቹ ጤና፣ የጎረቤቶችሽም ሳይቀር እንደምን ከርሟል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ክልሉ አዲስ ስለሆነ የባዮሎጂ መጽሐፍ ገና አልደረሰንም። ስለ ቅሪተ አካል የማስተምረው በጭቃ ነው። ከታች የዓሣ አጥንት፣ መሃል ላይ የእንሽላሊት እግር፣ ከላይ የዶሮ እግር በየተራ አትመን እናደርቃለን። ልጆቹ ሲቆፍሩ የታችኛው የቀደመ መሆኑን፣ ሕይወትም በዘመን ብዛት መለወጡን በዓይናቸው ያያሉ።

ባለቤቴ ደባልቄ ለክትባት ሥራ ካማሺ እንደሄደ ነው። ለሁለት ሳምንት ብሎ መስከረም መባቻ ላይ ነበር የወጣው። የሄዱባት መኪና ተመልሳለች። ሾፌሩን ገበያ ላይ አይቼ ብጠራው፣ አልሰማኝም መሰለኝ፣ መንገድ ቀይሮ ሄደ። እንግዲህ መንገዱ ክፉ ነው፤ ደብዳቤም ይዘገያል።

ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ ብሏል። ባለቤቴ የሄደ ዕለት ደጃፋችን ጭቃ ላይ የጫማው ዱካ ስለቀረ ሳፋ ደፍቼበታለሁ። ለትምህርቱ ይሆነኛል ብዬ ነው። ልብስ የማጥበው በባልዲ ሆኗል።

ትናንት ተማሪዬ ኢዘዲን ክፍል ውስጥ ጭቃው ላይ ያተምነውን የእንሽላሊት ዱካ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ቲቸር፣ እግሩ እዚህ አለ። እሱ የት ሄደ?» አለኝ። ደወል ሳይደወል ከክፍል ወጣሁ።

ለሁሉም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ስትመልሺልኝ ፖስታው ላይ እንደ ወትሮው የሁለታችንንም ስም ጻፊ። አደራ እትዬ፣ የእኔን ብቻ እንዳትጽፊ።

እህትሽ ሸዋሉል