አርባኛው ሳህን

ይግዛው ዓለሜ፣

ከተለያየን ስምንት ወር አለፈን። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት አንተን ቀብረን ስንመለስ ያደረግሁት የላስቲክ ጫማ ጭቃው እንደ ደረቀ አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ልጠበው እያልሁ ሳልነካው ቀረሁ። «ዓለሜ» ብዬ የጀመርሁት ከልማድ ነው። ሰርዤ ስምህን ብቻ ልተወው አሰብሁና እጄ እንቢ አለኝ። እንዳለ ይሁን፤ የሚቀጥለውን ሰምተህ አንተው ፍረድ።

ቤቱ ደኅና ነው። የምናከራየው ድንኳን ባንድ ወገን ተቀዶ ነበር፤ ሰፋሁት። ከወንበሮቹ አራቱ እግራቸው ተሰብሮ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ጓሮ የተከልኸው ኮባ ከጣራው በላይ ሆኗል። ሰው አሁንም ድስትና ሳህን ሊከራይ ሲመጣ «ይግዛው የለም ወይ?» ብሎ ይጀምርና አፉን ይይዛል። እኔም «የለም» እላለሁ፤ ገበያ የሄድህ ይመስል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቆርቆሮው ሳጥን ነው።

ላክሽሚ መጀመሪያ የመጣችብን ዓመት ትዝ ይልሃል። ባሏ ቡሬ የፋብሪካ ማሽን ሊተክል ከህንድ መጥቶ፣ አዲስ ዓመታቸው ደርሶባት፣ ያገሯን ሰዎች ሰብስባ ልታበላ ድስትና ምድጃ ስታፈላልግ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ አንተን አገኘች። በዓሉን ኡጋዲ ይሉታል። የሚውለው በመጋቢት፣ በእኛ ሁዳዴ ነው። ሥጋ አንበላም ስትለኝ «ታዲያ እንደኛው ጾመኞች ናቸዋ» ብዬ ምስር ወጥና ጎመን በዘይት ሠርቼ ጠበቅኋት። ቀምሳ ደስ አላት፤ ቀጥላ ቅቤው የት አለ፣ እርጎው የት አለ አለችኝ። በሁዳዴ! አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ወተት ሳፈላ ግድግዳውን ተደግፈህ ትስቅ ነበር። «ያልጋነሽ፣ ዓይንሽንም ጨፍኚ፤ ማየትም ያስገድፋል» አልኸኝ። የእርጎውን ሩዝ ጨው የሚቀምስልኝ ጠፍቶ ስጨነቅ ማንኪያውን ከእጄ ነጥቀህ ቀመስህ። «ያንሰዋል፤ ለንስሐ አባቴ እንዳትነግሪብኝ» አልህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬ እቆጭበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንዳንድ ነገር ለቀምሁ፤ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያና ከተጣለ ደብተር እንደለቀምሁት። ጠዋት ገላቸውን ዘይት ተቀብተው ይታጠባሉ፣ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ፣ የማንጎ ቅጠል በክር ሰክተው በር ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ደጃፉ ላይ በሩዝ ዱቄት አበባ ይስላሉ። አንድ ሽማግሌ የዘመኑን ነገር ከመጽሐፍ ያነብላቸዋል፤ በእንቁጣጣሽ ካህኑ በዓላቱንና አጽዋማቱን እንደሚያውጁልን። ከሁሉ በፊት ግን ስድስት ጣዕም ያለበት አንድ ነገር ይቀመሳል፤ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ ጨው፣ የሚያቃጥል፣ አፍ የሚይዝ ጥሬ ማንጎ፣ መራራ። ለመራራው የዛፍ አበባ ነበራቸው፤ እዚህ ሲያጡት የግራዋ ቀንበጥ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስድስቱን ለይቶ መልቀም አይፈቀድም፤ የመጪው ዓመት ነገር ነውና ባንድ ይዋጣል።

በሦስተኛው ዓመት የላክሽሚ አማት ከልጇ ጋር ልትኖር ከአገሯ መጣች። ቀጭን አሮጊት፣ መቁጠሪያዋ ከእጇ የማይለይ። ሥጋ በነካ ዕቃ ከመብላት ጦሟን ማደር ትመርጣለች። ስለ እሷ ብለው አርባ ሳህን ካገራቸው አስመጡ፤ የማይዝግ ብረት፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ውስጡ እንደ ቤት ጓዳ ጓዳ የተከፈለ። በዚህ አገር አይተነው የማናውቅ ሳህን ነበር። «ያልጋነሽ እህት፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ለበዓል ብቻ። ሥጋ አይነካ፣ እንቁላል አይነካ» አለች ላክሽሚ። «ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከያልጋነሽ አንገት አይወርድም» ብለህ ቃል የሰጠህ አንተ ነህ።

የበዓሉ ዕለት አሮጊቷ መዳፏን ሳህኑ ላይ አሳርፋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ቋንቋ አያግባባንም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በማርያም» አልኋት። ማርያም ማለት ምን እንደሆነ ታውቅ እንደሆን እንጃ፤ ደረቴን ግን አመነች። በላች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲያው ታደርግ ነበር፤ እኔም እንዲያው እምል ነበር።

አሁን የማነሣው ካቻምና ጥር የሆነውን ነው። አክስቴ ሞታ ለልቅሶ ወደ ሊበን ስሄድ ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ አንተ አንገት ላይ አጠለቅሁት። በሳምንቴ ስመለስ ግቢው መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጠህ፣ እጅጌህን ሰብስበህ፣ እነዚያን ሳህኖች በግራዋ ስታሽ አገኘሁህ። አረፋው ክርንህ ድረስ ደርሷል። «አቧራ ይዟቸው ነው፤ በዓላቸው ሳይደርስ ላጽዳልሽ ብዬ» አልኸኝ። ቆሜ አየሁህ። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራችን አንድ ሲኒ ያጠብህበት ቀን አልነበረም። ጐረቤታችን ስንዱ ከአጥሩ ወዲያ «አንቺ ያልጋነሽ! ምን አስነክተሽው ነው ባልሽን ዕቃ አጣቢ ያደረግሽው?» ብላ ጮኸች። «ቅኚ!» አልኋት። እኔ እንዲህ ያለ መልስ የምመልስ ሴት አልነበርሁም፤ ኩራት ነው ያናገረኝ። ስትሞትም ለቅሶ ቤት ለተቀመጡት ሴቶች ይህንኑ ነገርኋቸው። «ሳህን ያጥብልኝ ነበር» ብዬ አለቀስሁ።

ያን ዕለት ወደ ሳጥኑ ስመልሳቸው ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርሁ። «ከመጀመሪያውም ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ» አልኸኝ። አርባ ናቸው ብል «አንቺ ደግሞ ቁጥር ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለህ ፀጉሬን ዳሰስኸኝ። ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረስሁ ሰው ነኝና አመንሁህ። ራሴን ተጠራጥሬ አንተን አመንሁ።

ተዝካርህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዋለ። በዚያ ዝናብ ያን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ሳህን አነሰን። ከዕድር አመጡ፣ ከጐረቤት አመጡ፣ አሁንም አነሰ። ካህናቱ ተነሥተው ሌላው እስኪቀመጥ የገጠር ዘመዶችህ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ውኃ እየወረደባቸው ቆመው ጠበቁ። ያ ሳጥን ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ያውቁታል። እኅትህ መጥታ «ክፈችው እንጂ!» አለችኝ። «አልከፍትም፤ አደራ ነው። እሱም ቢኖር አይከፍተውም» አልሁ። «ለባሏ ተዝካር ሳህን የነፈገች» የሚል ስም ያን ቀን ወጣልኝ። እኅትህ እስከ ዛሬ ቤቴን አትረግጥም። ግድ የለም፣ ቃላችንን ጠበቅሁ ብዬ ቻልሁት። ቃላችንን፣ ይግዛው።

የካቲት ላይ አንዲት እናት ከማንኩሳ መጡ። ጠጅቱ እባላለሁ አሉኝ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ሳህን አወጡ፤ ባለ ጓዳው። «ነፍሳቸውን ይማርና ሟቹ ካቻምና ጥር ለልጄ ሰርግ የሰጡን ነው። አንዱ ጠፍቶብን ስናፍር ኖረን፣ ሰሞኑን ጎተራውን ብናነሣው ከሥሩ ተገኘ። የሙት አደራ ይዤ ማደር ፈራሁ» አሉ። እንዴት እንደተቀበልኋቸው አላስታውስም። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ቀጠሉ፤ «ምን ያለ ሳህን ነው እቴ! ጥሬ ሥጋው ባንዱ ጓዳ፣ አዋዜው ባንዱ፣ ሰናፍጩ ባንዱ! የሙሽራው ወገን እስካሁን ያወራዋል። አንዱ ቢጠፋብን እንኳ አልተቆጡም፤ ባለቤቴ ቆጥራም አታውቀው ብለው አጽናኑን።»

ቆጥራም አታውቀው።

ከሥጋው ይልቅ ይህቺ ቃል ገደለችኝ። ለሰው እምቢ ማለት እንደማትችል አውቃለሁ። ወዳጅህ ናቸው፣ ለመኑህ፣ እንዲያ ያለ ሳህን የሚያከራይ ይግዛው ብቻ ነው እንዲባልልህ ወደድህ። ነግረኸኝ ቢሆን እቆጣህ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ቡሬ ሄጄም እውነቱን እናገር ነበር። አንተ ግን የሥጋውን ጮማ በግራዋ አጥበህ፣ የፍቅር ሥራ አስመስለህ አሳየኸኝ። በሁለተኛው ወር አሮጊቷ መዳፏን ሳህኑ ላይ ስታሳርፍ አጠገቤ ቆመሃል። በማርያም ስም ስምል ሰምተሃል። ዓይንህን ወደ ድስቱ መለስህ፤ አሁን ነው ያ የታየኝ። አምናም እንዲሁ አስማልኸኝ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? አንተ ሞተሃል፣ ሳህኑ ታጥቧል። ሦስት ቀን እንዲህ እያልሁ ሰነበትሁ። ከዚያ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። በማንኩሳ ስናልፍ ጭኔ ላይ የእሳት ፍም ያስቀመጥሁ ያህል ነበር።

ላክሽሚ የበዓሉን ነገር ልነጋገር የመጣሁ መስሏት በደስታ ተቀበለችኝ። ነገርኋት። ፊቷ ሲለወጥ እያየሁ እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ወደ አማቷ ዞራ በቋንቋቸው ተረጐመች። አሮጊቷ መቁጠሪያዋን አቆመች፤ አንድ ነገር ጠየቀች። «ታውቂ ነበር ወይ ትላለች» አለችኝ ላክሽሚ። «አላውቅም ነበር፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው» አልሁ። አሮጊቷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። የመታጠቢያው ውኃ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሰማሁ። ላክሽሚ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ዘንድሮ እኛው እናበስላለን» አለች በቀስታ። ሳህኑን ላስቀምጥላት ብል «አይሆንም፤ ካሁን በኋላ ያንቺ ነው፣ ሁሉም» አለችኝ። ያልጋነሽ እህት አላለችኝም።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልክ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ዳቦ የምትጋግሪበት ትልቁ ቅጠል፣ አለሽ ወይ?» አለች። አማቷ ናት ያስጠየቀችው። ባገራቸው ድሮ በቅጠል ነበር የሚበሉት፤ ምንም ያልነካው እሱ ብቻ ነው ብላለች።

ጓሮ ገብቼ ያንተን ኮባ ቆረጥሁ። ቅጠል በቅጠል አጥቤ፣ ሳይሰነጠቅ ጠቅልዬ የበዓሉ ዕለት በማለዳ ቡሬ ወሰድሁ። አስረክቤ ልመለስ ስል አሮጊቷ በር ላይ አገኘችኝ። መዳፏን ከቅጠሉ ላይ አኖረች፤ አየችኝ። እጄ ወደ ደረቴ ሊሄድ ነበር፤ ከለከልሁት። ከእንግዲህ አልምልም። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። እሷም ቁራጭ ቅጠል ላይ ስድስቱን ጣዕም ቆንጥራ ዘረጋችልኝ። ቅቤ የለበትም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቄ መመለሻዬ ላይ ዋጥሁት። መራራው አልወርድ ብሎኝ ብዙ ቆየ። ያንተው ግራዋ ነው።

ሙት ዓመትህ ሐምሌ ላይ ይወጣል። ያን ሳጥን እከፍተዋለሁ። ካህናቱም፣ የገጠር ዘመዶችህም፣ ከመጣችልኝ እኅትህም በእነዚያ ሳህኖች ይበላሉ፤ ሥጋውም ይቀርባል። ነሐሴ ለምን አልከፈትሽም ያለኝ ካለ ምክንያቱን እነግረዋለሁ፤ ስምህን አላጐድፍም፣ አልሸፍንልህምም።

እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ። እጅጌህን ሰብስበህ በርጩማው ላይ እንደተቀመጥህ፣ አረፋው ክርንህ ላይ እንዳለ ነው የማስታውስህ። ያን ቀን ወድጄህ ነበር፤ ውሸት መሆኑን ባውቅም መውደዴን ከዚያ ቀን ላይ ማንሣት አቃተኝ። ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። የተመለሰውን ሳህን ከሌሎቹ ጋር አስገባሁት፤ ከመቆለፌ በፊት መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው።

አርባ ነበሩ፣ ይግዛው። ልክ ነበርሁ።

ያልጋነሽ