ውሃ የማያፈሰው የብረት ክንድ

ይድረስ ለእታለም ዑምኩልሱም፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሰው ምንጣፍ ስትጎትቺ ያንገበግብሻል? አሠሪዎችሽ እንቅልፍስ ይሰጡሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እማም፣ ረቢያም፣ ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንንም። ሐይቁም እንዳለ ነው። ጦርነቱ የእኔን የብየዳ ማሽን ጭኖ ሲሄድ ለሐይቁ የሚሆን መኪና አጣለት።

ይህን ሁሉ በስልክ አትነግረኝም ነበር ወይ ትዪ ይሆናል። ኔትወርኩ ደህና ወሬ ላይ ስንደርስ እንደሚቆረጥ ታውቂያለሽ፤ ባይቆረጥም ሚስቴ ረቢያ አጠገቤ ቆማ እያረመችኝ መናገር አልችልም። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ አሚናት ወደዚያ ስትመጣ ይህን ደብዳቤና በመሐረብ የተጠቀለለ የካሜራ ካርድ ይዛልሻለች። ካርዱ የልጅሽ የሰሚሃ ሰርግ ነው።

ያኔ የዘመዳችንን የስህንን ሰርግ በስልኬ ቀርጬ ብልክልሽ፣ «ሙሽራዋን ፈልጌ አጣሁ፤ ያየሁት የሰው እግርና የዳስ ሸራ ነው፤ ጭራሽ አዙሮኝ ተኛሁ» ያልሽኝ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አልክድም። የሰሚሃ ሰርግ ግን እንደዚያ ሆኖ አይቀርም አልኩ። በአስራ አንድ ዓመቷ ሰጥተሽኝ የሄድሽው ልጅ ሃያ ሞላት። እናትሽ ከጅዳ አንዴ ከወጣች መመለሻ ፈቃድ የላትምና ለሰርግሽ አትመጣም ስላት «እሺ» አለችኝ። እሺ ብቻ። በስልክም ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል እንደማትሰጥሽ አንቺው ታውቂዋለሽ። ያቺ «እሺ» ከልቅሶ ይልቅ ከበደችኝ።

መላውን ያገኘሁት ደሴ ሄጄ ጥርሴን ሳስነቅል ነው። ሐኪሙ መሣሪያዎቹን የደረደረበትን ሰፊ ሳህን አንድ የብረት ክንድ ይዞታል። ሲፈልግ ወደ አፌ ይስበዋል፣ ሲፈልግ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ሳህኑ ግን ዘንበል አይልም፣ አንዲት መርፌ አትንሸራተትም። አፌን እንደከፈትኩ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ስለው አሞኝ የጮህኩ መስሎት ሁለተኛ ማደንዘዣ ወጋኝ። ጥርሱ ወጥቶ ሲያበቃ፣ ከንፈሬ ተንጠልጥሎ ምራቄ እየወረደ፣ ከክንዱ ሥር ገብቼ አየሁት። ለካ አንድ ክንድ አይደለም፤ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ናቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደተጠመዱ በሬዎች አብረው የሚሄዱ። አንዱ ሲነሣ ሌላውም እኩል ስለሚነሣ ጫፉ ላይ ያለው ዕቃ አይዘምም።

የሰው ማሽን ተውሼ ያንኑ የመሰለ ክንድ አራት ሜትር አድርጌ በየድኩ። የሚዞርበትን ኩሽኔታ መንገድ ዳር ከተቃጠለ አይሱዙ ፈታሁ። ጫፉ ላይ ከፎቶ ቤት የተዋስኩት ትልቅ ካሜራ ይቀመጣል፤ ከኋላ ደግሞ ሚዛን እንዲሆነው የረቢያን መጅና አንድ ከረጢት አሸዋ አሰርኩበት። ረቢያ ለሰርጉ በርበሬ ልትፈጭ መጇን ስትፈልግ እዚያ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ያለችኝን አልጽፈውም፤ አሚናት መንገድ ላይ ከፍታ ታነበው ይሆናል።

ኒካሁ ሐሙስ ዕለት እዚሁ ሐይቅ በሰላም ታሰረ። ከዚያ ሙሽራዋን ይዘን ወደ ሙሽራው አገር ወደ አምባሰል ጉዞ ጀመርን፤ ክንዱም በአይሱዙ ተጭኖ ይከተላል። ውጫሌ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን። የኬላው አዛዥ አቶ ሙላት የሚባል ሪዛም ሰው ነው። ሸራውን ገልጦ ያን ሁሉ ብረት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ሰሞን ያየው ብረት ሁሉ እሳት የሚተፋ ነበር። «ምንድን ነው?» አለኝ። «ክንድ ነው» አልኩት። «የማን?» ሲለኝ ደንግጬ «የእኔ» አልኩ። ሁለቱንም እጆቼን ተራ በተራ አያቸው።

ገጥመህ አሳየኝ አለኝና ገጠምኩት። ካሜራውን ሲያይ «ይሄ ማነጣጠሪያው ነው፤ ይውረድ» ብሎ፣ እኔ «ኧረ አይንኩት!» እስክል በገዛ እጁ ፈታው። እታለም፣ የፊቱ ሸክም ሲነሣ የኋላው መጅ ቁልቁል እንደሚሄድ አስቢው። ክንዱ ሽቅብ ተወርውሮ ሰማዩን አነጣጥሮ ቆመ። ኬላው በሙሉ መሬት ላይ ተኛ። ሚሊሻው ተኛ፣ ሚዜው ተኛ፤ ሙሽራው ሙሐመድሁሴን ከነነጭ ልብሱ ቦይ ውስጥ ገባ። ቆመን የቀረነው እኔና አንድ አህያ ብቻ ነን። በዚያ ጸጥታ መሐል ከሙሽራዋ መኪና ሳቅ ተሰማ። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች እንጂ አትስቅም፤ ሰሚሃ ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አቶ ሙላት አቧራውን አራግፎ ሲነሣ ካፈረው በላይ ተቆጣ። ብረቱ እዚህ ይቀራል፤ እምቢ ካላችሁ ሰርጉም ይመለሳል አለ። ሽማግሌ ለመነው፣ አልሰማም። ይኼኔ ሰሚሃ ከነዓይነ ርግቧ ወርዳ፣ አፉ ድረስ የሞላ የውሃ ጆግ ይዛ መጣች። «አባባ፣ መሣሪያ እኮ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ይህን ጫፉ ላይ ያስቀምጡና አጎቴ ያንቀሳቅሰው። ውሃ የማያፈስ ነገር ሰው አይገድልም» አለችው። ሰውዬው ጆጉንም ክንዱንም ዞሮ አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ «እኔው ሥሩ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ጠብታ ከነካችኝ ብረቱን እርሱት» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቢስሚላህ ብዬ ያዝኩት። እጄ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። በሰውዬው አናት ላይ አነሣሁት፣ ወደ ቀኝ ወሰድኩት፣ ወደ ግራ መለስኩት፣ በመጨረሻም ቀስ አድርጌ ሪዙ አጠገብ አወረድኩለት። ጠብ አላለም! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አቶ ሙላት ጆጉን አንሥቶ «ሁዳዴ ባልይዝ እጠጣው ነበር» አለና ከቦይ ለወጣው ሙሽራ ሰጠው። ከዚያ ሪዙን በጣቱ አበጥሮ «እኔንም አንሣኝ» አለኝ። እንግዲህ ካርዱን ስትከፍቺ ከኒካሁ ቀጥሎ የሚመጣው ሪዛም ሰው የአማቾችሽ ዘመድ እንዳይመስልሽ።

ሰርጉ ደምቆ ዋለ፤ ራስሽ ታዪዋለሽ። የምጽፍልሽ የማግስቱን ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ክንዱን ልፈታ ስል ሰሚሃ ብቻዋን መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «አጎቴ፣ ካሜራውን ከዓይኔ ትይዩ አድርግልኝና ሂድ» አለችኝ። ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩላት። መሄድ ግን አልቻልኩም፤ የአሸዋው ከረጢት ተቀዶ ፈሶ ስላለቀ ኋላውን በእጄ ካልያዝኩት አይቆምም። ጆሮዬን እንዳልደፍን እጆቼ ተይዘዋል። ስለዚህ ፊቴን አዙሬ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ጮክ ብዬ ማውረድ ጀመርኩ። እሷ ተናገረች፤ እኔ ሰለዋቴን አወረድኩ። ስንት ጊዜ እንዳወረድኩት ቁጥሩ እስኪጠፋኝ ድረስ አልጨረሰችም። ያለችሽን አልሰማሁም፤ ካርዱንም ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ትንፋሽ ልወስድ ዝም ባልኩበት ቅጽበት ግን አንዲት ቃል አመለጠችና ጆሮዬ ገባች። «እማዬ» ነው ያለችሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፏ ሰምቻት አላውቅም።

ብቻሽን ሆነሽ እዪው። ከኋላ የሚያጉተመትም ወንድ ከሰማሽ ወንድምሽ ነውና አውፍ ብለሽ ይቅር በዪኝ።

እማ ሀውራ «ረመዳን ሳይገባ ድምፅሽን አሰሚኝ» ትልሻለች፤ ዱዓዋ ከአንቺ አይለይም። ረቢያ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች፤ ልጆቼ አሕመዲንና ኑርሀያት እጅሽን ይስማሉ። ሙሐመድሁሴንም እንደ ልጅሽ ቁጠሪኝ ብሏል። አብረውሽ ላሉት ያገር ልጆች ሁሉ ሰላም በዪልን። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ ሙነወር
ሐይቅ፣ መጋቢት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.